ስለ ኤልም፣ ስለ ጥድና ስለ ዛፍ በሽታ፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከባሶና ወራና)፦ ጋሼ፣ ውጭ አገር ያለች እኅቴ የኤልም ዘር ልትልክልኝ አስባለች። ደጋ ላይ ይበቅላል? በሽታው ክፉ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ኤልም የብርድ አገር ዛፍ ስለሆነ ቅዝቃዜው አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ በሽታው ነው። በሽታው ፈንገስ ሲሆን፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሰው ደግሞ በሚሞቱ ኤልሞች ልጥ ሥር የሚራባ ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ውኃ ወደ ላይ የሚወጣባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ስለሚደፈኑ፣ ሥሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ቆሞ ሳለ ቅጠሉ ጠውልጎ ይረግፋል። ተቀራርበው የተተከሉ ኤልሞች ሥራቸው እርስ በርሱ ስለሚጋጠም በሽታው ያለ ጥንዚዛም ይሻገራል። «የደች ኤልም በሽታ» መባሉ መነሻው ሆላንድ ስለሆነ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መንስኤውን መርምረው ያሳወቁት የሆላንድ ተመራማሪዎች ስለሆኑ ነው። የበሽታው ብርቱ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሰሜን አሜሪካ በመጣ፣ ልጡ ባልተላጠ ግንድ ብሪታንያ ገብቶ ከ25 ሚሊዮን በላይ ዛፎችን ፈጅቷል። እንግዲህ እኅትዎ ሳይፈቀድ በሻንጣ ባይልኩልዎ ይሻላል፤ ዘሩም ቢሆን በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል።

ጥያቄ (ከመንዝ)፦ በግቢዬ ዙሪያ የተከልኩት የፈረንጅ ጥድ ከውስጥ ጀምሮ እየቀላ ይደርቃል። ይህ የኤልም በሽታ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የኤልም በሽታ ጥድን አይነካም። እኔ የምጠረጥረው የጥድ ክሽክሽን፣ ማለትም የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጥ ትንሽ ተባይ ነው። አንዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው፣ የቀላውና አረንጓዴው የሚገናኙበትን ቦታ በጣትዎ ገለጥ ያድርጉት፤ ከጤፍ ፍሬ ተለቅ የሚሉ ቡናማ ነፍሳት ተጠጋግተው ጭማቂውን ሲመጥጡ ካገኙ፣ እጅዎም ከተጣበቀ፣ ከሥሩም ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ካለ፣ ጥርጣሬው ይጸናል። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ደኖች የተዛመተ ሲሆን፣ እዚያ በኋላ ክሽክሹን የሚያጠፋ ጥቃቅን ተርብ ተለቅቋል። ረጅም አጥርን መድኃኒት በመርጨት ማዳን ለገበሬ አቅም ከባድ ነው። በመጀመሪያ የተያዘውን ቅርንጫፍ ቆርጠው እዚያው ያቃጥሉ፤ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ባለሙያም ናሙና ያሳዩ። አንኮበር መንገድ ላይ አንድ አጥር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ዝገት ቀልቶ ያየሁበት ቀን አይረሳኝም፤ አንድም ሌላ ዓይነት ዛፍ መካከሉ አልነበረም።

ጥያቄ (ከጣርማበር)፦ በክሽክሹ የደረቀውን ጥድ ለማገዶ ብወስደውስ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ክሽክሹ የሚኖረው በለምለም ቅርንጫፍ ላይ እንጂ በደረቀ እንጨት ላይ አይደለም። አረንጓዴውን ቅርንጫፍ ግን ከመንደር ወደ መንደር አያጓጉዙ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ታዲያ ምን እንትከል?

መልስ፦ አንድ ዓይነት ብቻ አትትከሉ። ወደ ወፍ ዋሻ ደን የገባ ሰው የሐበሻ ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውንና ወይራውን ተቀላቅለው ያገኛቸዋል፤ አንዱን ዓይነት የሚያጠቃ ተባይ በአብዛኛው ሌላውን ስለማይነካ ደኑ ይቆያል። ከፍ ባለው ደጋ ኮሶን አስቀድሙ፤ የሐበሻ ጥድን ደግሞ ክሽክሹ ስለሚነካው በየመካከሉ አልፎ አልፎ ይሁን። በሐምሌ ከተከላችሁ በኋላ ዋናው ጠላት የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ነው፤ ማታ ችግኙን በገለባ ጋርዱት፤ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከቀለጠ በኋላም ግለጡት።