ድምፁ ያልተሰማው ከተማ የቱ ነው?

ውድ ልጆቼ፣

ስልካችሁ ላይ «ሰበር ዜና» ብልጭ ሲል እንዴት እንደምትሆኑ አያለሁ። ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ፤ ቀጥሎ ሱናሚ፤ ቀጥሎ አንዱ ከፎቅ ላይ ሆኖ የቀረጸው ቪዲዮ። ልብ ድው ድው ይላል። ጣት ደግሞ ቀድሞ ሼር ያደርጋል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በውጭ ዜና ክፍል ነው፤ እንዲህ ያሉ ቀኖች ደጋግመው መጥተውብኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ምክር ሆኗልና ትንሽ ታገሱኝ።

እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሁሉም የሚጠይቀው «ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ ነው። ነውር የለውም፣ ሰው ነን። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መልሱን የሚያውቅ የለም። የሚነገረው ቁጥር የተቆጠረው ነው፤ የተቆጠረው ደግሞ ሰው ሊደርስበት በቻለው ቦታ ብቻ ነው። እኔ አዲስ ለሚገቡ ጋዜጠኞች ካርታ አምጡ እላቸው ነበር። ዜና የመጣባቸውን ከተሞች ክብ ክብ አድርጉባቸው። አሁን ክብ ካልተደረገባቸው መካከል፣ እዚያው አካባቢ ሆኖ ወሬው የጠፋውን ከተማ ፈልጉ። ጭንቀታችሁን እዚያ ላይ አድርጉት።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ከሱማትራ ደሴት በስተምዕራብ የባሕሩ ወለል ሲሰነጠቅ፣ ቀድመው የደረሱን ዜናዎች ከስሪላንካና ከታይላንድ የመዝናኛ ዳርቻዎች ነበሩ። እዚያ ካሜራ አለ፣ ስልክ አለ፣ ቱሪስት አለ። ለመንቀጥቀጡ ቅርብ ከሆነችው ከኢንዶኔዥያዋ ግዛት ከአቼ ግን ወሬ የለም። ደህና ሆነው አይደለም። መስመሩ ተቆርጦ፣ ደውሎ የሚናገር ሰው ጠፍቶ ነው። ያን ቀን ማታ የሟቾች ቁጥር በሺዎች ብቻ ነበር የሚነገረው። እየቆየ በ14 አገሮች ወደ 230 ሺህ ገደማ ደረሰ፤ ከግማሽ በላዩ የኢንዶኔዥያ ሰው ነው፣ ያውም አብዛኛው ከዚያችው ዝም ካለችው አቼ።

ከዚህም የሚያንገበግበኝ ሌላ አለ። ማዕበሉ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ሶማሊያ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ገደማ ፈጅቶበታል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ዜናው ዓለምን ዞሯል። የሃፉን ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን ከማስጠንቀቂያው በፊት የደረሰው ውሃው ነው። በሶማሊያ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ያኔ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚባል ነገር አልነበረም።

ዝምታ ግን ሁልጊዜ ሞት ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓንን መንቀጥቀጥና ሱናሚ በመታት ጊዜ፣ ሚናሚሳንሪኩ ከምትባል ከተማ ከ17 ሺህ ነዋሪ ወደ 10 ሺህ የሚሆነው የት እንደደረሰ አልታወቀም ተባለ። ዓለም «10 ሺህ ሰው አለቀ» ብሎ ሊጽፍ ምንም አልቀረው። አብዛኛው ሰው ግን ከፍታ ቦታ ላይ ባሉ መጠለያዎች ነበር፤ ስልክ ስለሌለው ነው ያልተሰማው። በመጨረሻ የሞተውና እስከ መጨረሻው የጠፋው ከ900 በታች ሆነ። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይህም መዓት ነው። ግን 10 ሺህ አይደለም። «አልተገኙም» እና «ሞተዋል» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሼር ስታደርጉ አንዱን ወደ ሌላው አትቀይሩ።

አሁን ስለዚያው የጃፓን መንቀጥቀጥ መጠን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲቀያየር «እየዋሹን ነው» ይላል። ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን ሰዓት ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ከ46 ነበር። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ ኤጀንሲ መጀመሪያ 7.9 አለ። ከዚያ 8.4፣ ከዚያ 8.8፣ ከሁለት ቀን በኋላ 9.0። ማንም አልዋሸም። የተቀደደው የባሕር ወለል ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ያህል ርቀት ለመቀደድ ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ በተያዘው ንዝረት ሲሰላ የሙሉውን ልክ አይሰጥም። ከ7.9 እስከ 9.0 ያለው ልዩነት ደግሞ ለዓይን ትንሽ ይመስላል እንጂ በጉልበት ከ40 እጥፍ በላይ ነው።

ያ የመጀመሪያ ቁጥር ሰው ላይ ምን እንዳደረገ እዩ። ከመንቀጥቀጡ ሦስት ደቂቃ በኋላ በወጣው ማስጠንቀቂያ ለኢዋቴ ግዛት የተነገረው 3 ሜትር ማዕበል ነበር። ኢዋቴ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ የባሕር ግድግዳ ያላቸው ከተሞች አሉ። «ሦስት ሜትር ከሆነማ ግድግዳው ይይዘዋል» ብሎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ማስጠንቀቂያው በኋላ ከፍ ተደረገ። ግን መብራት ጠፍቷል፣ ቴሌቪዥን የለም፤ አዲሱ ቁጥር ያልደረሰው ብዙ ነው። ኤጀንሲው ከዚህ ተምሮ ከ2013 ጀምሮ አሠራሩን ቀየረ። በጣም ትልቅ መንቀጥቀጥ ሆኖ ልኩ ገና ያልታወቀ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሜትር አይጠራም፤ «ግዙፍ ማዕበል» ብሎ ያበቃል። በቁጥር የሚኖሩ ሳይንቲስቶች ቁጥሩን መተዋቸው ለእኔ ትልቅ ጨዋነት ነው።

በዚያው ግዛት፣ ካማይሺ ከተማ፣ ኡኖሱማይ የሚባል ሰፈር ልጆች ያደረጉትን ሁሌም አነሳዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ መብራት ጠፍቶ አልሠራም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሮጡ፤ ጎረቤት ያሉት የአንደኛ ደረጃ ልጆችም እነሱን አይተው ተከተሏቸው። ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ይዘው አስቀድሞ ወደተወሰነው መጠለያ ደረሱ። ከኋላው ያለው ገደል ሲናድ ሲያዩ «ይህም አያስተማምንም» ብለው ወደ ላይ ቀጠሉ። ሁለተኛው ቦታ ላይም ውሃው ከኋላቸው መጣ፤ እንደገና ወደ ላይ ሮጡ። በካማይሺ ወደ 3,000 ከሚጠጉት የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተረፉ። ከዓመታት በፊት ጀምሮ የተማሩት ካርታው ላይ የተሳለውን የአደጋ መስመር እንዳያምኑት ነበር።

እናንተ ደግሞ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ነው ዜናውን የምታዩት፤ ሩጫ የለባችሁም። ቢሆንም ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። በዚያው በ2011 መንቀጥቀጥ፣ ቶኪዮ አጠገብ ባለችው ቺባ ግዛት የአንድ ነዳጅ ማጣሪያ ጋዝ ታንከሮች ሲቃጠሉ አንድ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። መርዝ ከደመናው ጋር ይዘንባል፣ ጃንጥላ ያዙ፣ ቆዳችሁ እንዳይነካው፣ ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ ይላል። ኩባንያው ወጥቶ ሐሰት ነው አለ። መልእክቱን የላኩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እናቶች፣ ጓደኛሞች ናቸው። ወገን ላድን ባይ ነው ወሬውን የሚያዞረው። «ለሁሉም አስተላልፉ» የሚል ትእዛዝ ያለበት መልእክት ሲደርሳችሁ እዚያው ላይ ቁሙ።

ፎቶም እንደዚሁ። በ2004 «የሱናሚው ፎቶ» ተብለው በኢሜይል ከዞሩት ውስጥ በቻይና ቺያንታንግ ወንዝ ላይ ከዓመታት በፊት የተነሱ የወንዝ ማዕበል ፎቶዎች ነበሩበት። ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር የተፈበረከው ተጨምሮበታል፤ እግዜር ይርዳችሁ።

ሌላ የታዘብኩት አለ። በ2011 ውሃው የፉኩሺማ ዳይቺን የኑክሌር ጣቢያ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ዋጠ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው ፍንዳታ ሆነ። ከዚያ በኋላ የዓለም ዓይን ከባሕሩ ዳርቻ ተነሳ። ወሬው ሁሉ «ጨረሩ እኛ ጋ ይደርሳል ወይ?» ሆነ። ቻይና ውስጥ ከጨረር ያድናል ተብሎ አዮዲን ያለበት ጨው ከሱቅ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ተሻማበት። የጣቢያው አደጋ ቀልድ አልነበረም፣ መዘገብም ነበረበት። ግን ያ ወደ 16 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የሞተው በውሃ ነው፤ ከ10 ሟቾች 9ኙ ሰጥመው። ገና አስከሬን እየተፈለገ እኛ ስለራሳችን ጉሮሮ እናወራ ነበር። እናንተም በሦስተኛው ቀን አካባቢ ይህ ይገጥማችኋል። ልባችሁ ወደ ራሳችሁ ፍርሃት ሲዞር ልብ በሉት።

ልርዳ ካላችሁ ገንዘብ ስጡ፣ ለሚታወቅ ድርጅት። አሮጌ ልብስና መድኃኒት ሰብስቦ መላክ የተቀባዩን ወደብና መጋዘን ከማጣበብ በቀር ብዙ ጊዜ ፋይዳ የለውም። እዚያ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ አትደዋውሉ፤ መስመሩ ይጨናነቃል። አጭር ጽሑፍ ላኩና ጠብቁ። እንዲህ ማድረጋችሁ ለሕይወት አድን ሠራተኛው መስመር ይተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ። አንድ ቀን ባሕር ዳር ሆናችሁ መሬቱ ረዘም ላለ ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ወይም ባሕሩ ድንገት ወደ ኋላ ቢሸሽ፣ ሰበር ዜና አትጠብቁ። በ2004 ፉኬት፣ ማይካዎ ዳርቻ ላይ አንዲት የ10 ዓመት እንግሊዛዊት ባሕሩ አረፋ ሲደፍቅ አይታ በጂኦግራፊ ክፍል ስለ ሱናሚ የተማረችው ትዝ አላት። ወላጆቿን ጨቅጭቃ ዳርቻው ባዶ ሆነ። በአንጻሩ በ2011 ማዕበሉ ፓስፊክን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ሲደርስ፣ ማስጠንቀቂያው ሰዓታት ቀድሞ ደርሶ ሳለ፣ ፎቶ ላንሳ ብሎ የወረደ አንድ ሰው ተወሰደ። ማዕበሉ ተራ በተራ ለሰዓታት ይመጣል፤ የመጀመሪያው ትልቁ ላይሆን ይችላል። አንዴ ወደ ላይ ከወጣችሁ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ውረዱ እስኪሏችሁ ድረስ ስልክ ረሳሁ፣ ቦርሳ ረሳሁ ብላችሁ አትመለሱ።