ሰባት ነጥብ ያለበት ሰንጢ

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ሰው ግቢው ውስጥ ዕቃ ሲሸጥ ባለሁለት ስለት አሮጌ ሰንጢ ገዛሁ። ስለቱ ስር «ኬዝ ኤክስ ኤክስ»፣ «ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚል ጽሑፍና ሰባት ነጥቦች፣ በጀርባው 6254 አለበት። የማን ሥራ ነው? ዕድሜውስ? ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ልፈትገው?

መልስ፦ እባክዎ አይፈትጉት! ዕድሜውን የሚናገረው ያ ማህተም ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

የተሠራው ብራድፎርድ፣ ፔንሲልቬንያ ባለው የኬዝ ፋብሪካ ነው። ከ1965 እስከ 1969 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ማህተሙ ነጥብ አልነበረውም። በ1970 አሥር ነጥብ ተደረገበት፤ በየዓመቱ አንድ እየተቀነሰ በ1979 አንድ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ሰባት ነጥብ 1973 ነው፤ በእኛ 1965/66 መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ በ1980 ቆጠራው እንደገና ከአሥር ስለጀመረ 1983ም ሰባት ነጥብ አለው። የሚለያቸው «ኬዝ» (CASE) ውስጥ ያለው የኤስ (S) ፊደል ነው። እንደ መብረቅ በሹሉ ከተሰበረ የ1980ዎቹ፣ ክብ ብሎ ከታጠፈ የ1970ዎቹ ነው።

ሳያጸዱ አይቁጠሩ። ነጥብ በቆሻሻ ይደፈናል፤ የዝገት ጉድጓድም ነጥብ ይመስላል። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርገው ያሳድሩት፤ ጠዋት በስቴኪኒ ጫፍ ቀስ ብለው ይጥረጉት። ከዚያ የእጅ ባትሪ ከጎን አብርተው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። የፋብሪካው ነጥቦች በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት ይሰለፋሉ፤ ዝገት ግን የትም ይበላል።

ከ6254 ውስጥ 6 እጀታውን፣ 2 የስለቱን ብዛት፣ 54 ትራፐር የሚባለውን ሞዴል ያመለክታል። ትራፐር ታጥፎ ሲለካ 10.5 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። 6 አጥንት ማለት ቢሆንም ፋብሪካው አጥንት ለሚመስለው ዴልሪን ለተባለ ፕላስቲክም ይህንኑ ቁጥር ይጠቀም ነበር። አጥንት በመነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፕላስቲኩ የለውም። የጋለ መርፌ የሚወጉ አሉ፤ ጠባሳው ስለማይጠፋ አይሞክሩት።

ማህተሙ የሚመሰክረው ስለ ስለቱ ብቻ መሆኑንም አይርሱ። ስለቱ የሚዞርበትን ችንካር ራስ ይመልከቱ፤ ዙሪያው አርጅቶ እሱ ብቻ ካብረቀረቀ ወይም የመዶሻ ምልክት ካለበት፣ ስለቱ ከሌላ ሰንጢ ተነቅሎ የገባ ሊሆን ይችላል።