መረብ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለጣና ዳር ወጣቶች

ልጆቼ፣ ተደራጅታችሁ ጣና ላይ ዓሣ ልታሰግሩ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ስለ ብድርና ስለ ሞተር የሚመክራችሁ አይጠፋም። እኔ የሥራ ዘመኔን በዓሣ ባለሙያነት ያሳለፍኩት በዚሁ ሐይቅ ዳር ነውና ስለ ማስገሪያው ቦታ ልንገራችሁ።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓሣው ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይገኝም። ቆሮሶ ዳር ዳሩን፣ ደንገል ያለበትን ይወዳል። አምባዛ ዝናብ ሲጥል ወደ ረግረጉ ይወጣል። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ስለሚያግድ፣ እዚሁ ጣና ውስጥ ወደ 17 ዝርያ ሆኗል። አብዛኞቹን ዓለም ላይ ሌላ ቦታ አታገኟቸውም።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት በር ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ እንደመልቀም ነው። ጀልባው ቶሎ ይሞላል። የሚሞላው ግን ገና ባልወለደች ዓሣ ነው።

በሞተር ጀልባ በመረብ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እነዚህ ዓሦች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። አንዴ ካለቁ ቶሎ አይተኩም።

«እኔ ብተው ሌላው ይጥላል» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢተው ልጆቹን ከማስራብ በቀር የሚለውጠው ነገር የለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ግን ሌሊት ወንዝ አፍ ላይ ቆሞ የሚያስከብረው ማን ነው? ስለዚህ ስምምነቱ ከአንድ ወደብ ከሚነሱት ሰዎች መካከል መጀመር አለበት። ነጋዴውንም ጨምሩት። እንቁላል ያዘለች ዓሣ ገዢ ካጣች መረቡም ቦታውን ይለቃል። የዐቢይ ጾም ገበያ ደህና ስለሆነ፣ ከዚያ ለክረምቱ የሚሆን ገንዘብ አስቀምጡ።

ደንገሉንም አትንኩት። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳቸውን የሚሠሩት በእሱ ነው፤ የቆሮሶ ጫጩትም የሚሸሸገው እዚያ ነው። ዳሩ ለእርሻ ሲመነጠር ሁለቱም ይጎዳሉ። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ደግሞ እምቦጭ ገብቶ ለጀልባም ለመረብም አስቸግሯል። እዚያ ማስገር ያቃተው ሰው ንጹሑ ዳር ላይ ካለው ጋር መሻማቱ አይቀርም።

ማኅበራችሁ ውስጥ ከነገደ ወይጦ አባቶች አንዱን አስገቡ። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር የት እንደሚሆን ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። ከሐምሌ እስከ መስከረም መረብ የማይጣልባቸውን ቦታዎች እሳቸው ያመልክቱ፣ እናንተ በቃለ ጉባኤ ያዙት።