እኩል የሚዞሩ ሁለት ሮተሮች እኩል አይጠመዝዙም

«ጋሼ፣ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ቴክኒክና ሙያ እማራለሁ። የሩሲያውን ካ-52 የጦር ሄሊኮፕተር አይቼ በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት ሮተር (የሚሽከረከሩ ክንፎች) የተደረበበት ሞዴል ሠራሁ። የሮተሩ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለቱ ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ነው። በእኩል ፍጥነትና በእኩል የክንፍ አንግል (ማዘንበል)፣ በተቃራኒ አቅጣጫ አዞራቸዋለሁ። ቢሆንም አካሉ ቀስ እያለ የላይኛው ሮተር ከሚዞርበት በተቃራኒ ይሽከረከራል። ሸዋ ሮቢት አክስቴ ግቢ ተነሥቶልኝ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ግን ከመሬት አልላቀቅ አለ። አንድ ቀንም ክንፎቹ ተጋጭተው ተሰበሩብኝ። ምን ይሻለኛል?»

ልጄ፣ የሠራኸው ከባዱን ዓይነት ነው፤ በርታ። ከመሽከርከሩ እንጀምር፣ ዋናው እሱ ነው።

በትራፓኖ ብረት ስትበሳ ጫፉ ድንገት ሲነክስ እጅህን ወደ ተቃራኒው ይጠመዝዘዋል። ሮተርም አየሩን ሲመታ አካሉን እንደዚያው ይጠመዝዛል። እኔ ስጠግናቸው የኖርኩት ሄሊኮፕተሮች ይህን የሚያሸንፉት በጭራቸው ላይ ባለው ትንሽ ሮተር ነው። ያ ሮተር ከሞተሩ ጉልበት አንድ አሥረኛ ገደማ ይበላል፤ አንድ ኪሎ እንኳ ግን አያነሣም። ካ-52ን የሠራው የካሞቭ ድርጅት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1947ቱ ካ-8 ጀምሮ የያዙት መንገድ ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሮተሮች አንዱ የሌላውን ጥምዘዛ ይሽራሉ፣ ጉልበቱም ሁሉ ለማንሣት ይውላል።

አንተ የሳትከው እዚህ ላይ ነው። የታችኛው ሮተር የሚሠራው የላይኛው ገፍቶ ባወረደው ነፋስ ውስጥ ነው። ያ ነፋስ እየወረደ ይጠብባል፤ ስለዚህ የታችኛው ክንፍ ጫፉ ንጹሕ አየር ያገኛል፣ ውስጠኛው ክፍሉ ግን አስቀድሞ እየሸሸ ያለ አየር ነው የሚመታው። በአንድ ዓይነት አንግል የላይኛው የበለጠ ይሠራል፣ የበለጠም ይጠመዝዛል። አካልህ ከላይኛው በተቃራኒ የሚዞረው ለዚህ ነው። ፍጥነታቸውን አትንካ፤ የታችኛውን ክንፎች አንግል ጥቂት ጨምር።

እንዲህ አድርገህ ሞክረው። ሞዴሉን በዘንጉ አናት ላይ በነፃ በሚዞር መንጠቆ፣ በጠንካራ ክር ከጣራ አንጠልጥለው፣ አካሉ ላይ ቀይ ምልክት አድርግ፣ በግማሽ ጉልበት አስነሣው። ምልክቱ ወዴት እንደሚሄድ አይተህ አጥፋው፣ የታችኛውን ክንፎች ሁሉ በግማሽ ዲግሪ ጨምር፣ እንደገና አስነሣ። ምልክቱ ቆሞ እስኪያይህ ድረስ ደጋግመው። አንዱን ክንፍ ብቻ ጨምረህ ሌላውን ብትረሳው ዘንጉ ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውንም ይበላዋል፤ ስለዚህ ክንፎቹን አንድ በአንድ ለካቸው።

እውነተኛው ሄሊኮፕተርም የሚዞረው በዚሁ ነው። አብራሪው ፔዳሉን ሲረግጥ የአንዱ ሮተር አንግል ይጨምራል፣ የሌላው ይቀንሳል፤ ጠቅላላው የማንሣት ኃይል ሳይለወጥ የጥምዘዛው ሚዛን ብቻ ይፈርስና አፍንጫው ይዞራል። ካ-52 በተሠራበት ባለ አንድ መቀመጫው ካ-50 ላይ 30 ሚሊ ሜትሩ መድፍ በቀኝ ጎኑ የተተከለና በጥቂቱ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው፤ አብራሪው አካሉን ራሱን ወደ ዒላማው ያዞረዋል። የጭራ ሮተር ስለሌለው ጭራው ቢመታም ወዲያው እንደ እንዝርት መሽከርከር አይጀምርም። ዋጋው ግን አናቱ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ ዘንግ በሌላው ውስጥ ያልፋል፣ የአንግል መቆጣጠሪያው ሁለት እጥፍ ይሆናል። እኔ በሙያዬ የምፈራው ያንን አናት ነው፤ የሚቀባና የሚፈተሽ ብዙ ነገር አለበት።

ስለ ግጭቱ፦ 3 ሳንቲ ሜትር በጣም ጠባብ ነው። በፍጥነት ሲበር በአንድ ጎን በኩል የላይኛው ክንፍ ዝቅ፣ የታችኛው ከፍ ይልና ይቀራረባሉ። ከሮተሩ ስፋት አንድ አሥረኛ አታሳንስ፤ ለአንተ 6 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ካ-50 ላይ እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ክንፍ አለው፣ ስፋቱም 14.5 ሜትር ነው። አብራሪው በአደጋ ጊዜ በመቀመጫው ሲወጣ ስድስቱም ክንፎች አስቀድመው በፈንጂ ይቆረጣሉ፤ አለዚያ የሚወጣው ወደ ቢላዋ ነበር።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ። ደብረ ብርሃን ላይ ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህሉ የለም። ብርዱ አየሩን በጥቂቱ ያጠብቀዋል፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀትም ያሳሳዋል፤ ቢሆንም ከፍታው ያሸንፋል። ካ-50 እስከ 4,000 ሜትር ድረስ አየር ላይ ቆሞ ማንዣበብ የሚችለው ጉልበቱን ለጭራ ስለማያካፍል ነው፤ ሁለቱ ሞተሮቹም እያንዳንዳቸው 2,200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። የእሱ ሞተር አየር ስለሚተነፍስ ከፍታው እሱንም ያደክመዋል። ያንተ ባትሪ ግን አየር አይፈልግም፣ ሳሳ ያለው አየርም ለሞተርህ የቀለለ ጭነት ነው። ስለዚህ ክንፎቹን ጥቂት አስረዝማቸው፤ ስፋቱን 66 ብታደርሰው ክፍተቱን 7 አድርገው። ከዚያ በፊት ግን ሞዴሉን ሚዛን ላይ አስቀምጠህ የሚቀነስ ነገር ፈልግ። ብዙ ጊዜ ትርፍ ክብደቱ ያለው ባትሪውና ብሎኖቹ ላይ ነው።

ስትሞክረው ከበርና ከመስኮት ነፋስ ራቅ፤ ነፋሻው የጣርማ በር ተራራ ላይ ግን ጨርሶ አታስነሣው። መነጽር አድርግ፣ ፊትህንም ከሮተሩ ትይዩ አታድርግ፤ የተሰበረ ክንፍ የሚወረወረው በዚያ መስመር ነው። አካሉ ሲረጋልህ የሁለቱን አንግል ልዩነት ጻፍና ላክልኝ፤ ከሁለት ሦስት ዲግሪ ከበለጠ ዘንጉን አብረን እናየዋለን።