ካሜራው ኮፍያውን እንጂ ፊቱን አላሳየኝም

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ሃያት አካባቢ ነው የምኖረው። ባለፈው ወር ግቢ ውስጥ ከቆመች መኪናዬ ላይ ሁለቱንም ስፖኪዮ ነቅለው ወሰዱብኝ። ካሜራ አለኝ፣ ያውም አራት። ቀረጻውን ስከፍተው ግን የሚታየው ኮፍያ ያደረገ ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። የገጠመልኝ ልጅ «ከፍ ሲል ሁሉን ያያል» ብሎ ከፎቁ ጫፍ፣ ወደ 6 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሰቀላቸው። ማታ ደግሞ የአንደኛው ምስል ጉም የለበሰ ይመስላል። ካሜራ ልቀይር ወይስ ሌላ መላ አለው?
እህታችሁ ከሃያት

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ንብረትሽ አዝኛለሁ። ካሜራዎቹን ግን ገና አትቀይሪ፤ ችግሩ አሰቃቀላቸው ላይ ነው።

6 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ካሜራ 4 ሜትር ርቀት ላይ የቆመን ሰው የሚያየው ወደ 47 ዲግሪ ቁልቁል ነው። ከዚያ ላይ ኮፍያና ትከሻ እንጂ ፊት አይታይም። ያንኑ ካሜራ ወደ 2.7 ሜትር ብታወርጂው ማዕዘኑ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል፣ ሰውየው አንገቱን ቢደፋ እንኳ አገጩና አፍንጫው ይገኛል። ስለዚህ ፊት እንዲይዝልሽ የምትፈልጊው ካሜራ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር መሆን አለበት። «ታዲያ ይነቅሉታላ!» ትይ ይሆናል፣ ልክ ነሽ፣ ስጋቱ አለ። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ካሜራዎች እርስ በርስ እንዲተያዩ ማድረግ ነው፤ አንዱን ሊነካ የመጣ ሌላው ውስጥ ይገባል። ግቢውን በጠቅላላ የሚያሳየው አንዱ እዚያው ፎቅ ላይ ቢቀር ችግር የለውም፣ የእሱ ሥራ ማን እንደገባ ሳይሆን በየት እንደገባ ማሳየት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሌንሱ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይነግሩን ነገር ስለሆነ። ገበያ ላይ የሚበዛው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው (ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚያሳየው ቦታ ይሰፋል)፣ ሰፊ ቦታ ስለሚያሳይ ሲገዙት ደስ ይላል። ግን ያንኑ ምስል ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚበትነው ሩቅ ያለ ሰው ፊት ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአውሮፓ የደህንነት ካሜራ መስፈርት የማናውቀውን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ውስጥ 250 ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጠብጣብ፣ ያስፈልጋል። የባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስል ወርዱ 1920 ፒክስል ነው። አካፍይው፤ ምስሉ ውስጥ የሚታየው ቦታ ከ7.7 ሜትር በላይ ከሰፋ ፊት መለየት አስቸጋሪ ነው ማለት ነው። በ2.8 ሌንስ ፊት የሚለይበት ርቀት 3 ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል፣ በ4 ሚሊ ሜትር ወደ 4 ሜትር ተኩል፣ በ6 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 8 ሜትር ይደርሳል። ከቤትሽ ግድግዳ እስከ ግቢ በርሽ 8 ሜትር ከሆነ በሩን ብቻ የሚያይ አንድ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሜራ ግዢ። ሌላ ገንዘብ አታውጪ። በኋላ ስልክሽ ላይ በጣትሽ ብታሰፊው ያልተቀረጸ ፊት ከየትም አይመጣም።

ጉሙ? ካሜራው በማታ የሚረጨው በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ከአሸንዳው ወይም ከጣሪያው ክፈፍ ላይ ነጥሮ ሌንሱ ውስጥ እየገባ ይመስለኛል። የምስሉን ዳር እዪው። ግድግዳ ወይም ክፈፍ ትንሽም ብትሆን ከታየች፣ ካሜራውን ወደ ፊት አውጥተሽ ወይም አዙረሽ ከምስሉ አስወጫት። የሸረሪት ድርም ያንኑ ያደርጋል፣ በጨለማ እንደ ነጭ ገመድ ያበራል፤ በየጊዜው በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው።

አቅጣጫውንም ተመልከቺ። ካሜራው በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ካየ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋዋለች፣ የገባው ሰው ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ወደ ምዕራብ ካየ ደግሞ ወደ ማምሻው ነው።

እና እባክሽ፣ ግድግዳ ከመበሳቱ በፊት አንድ ሰው ካሜራውን በእጁ ይያዘው፣ አንቺ በሩን ከፍተሽ ግቢ፣ ምስሉን በስልክ አይታችሁ ከዚያ ምልክት አድርጉ። ማታም ድገሙት።

ጥያቄ፦ ቤቴ ደሴ ነው፣ የጭቃ ቤት። ልጆቼ ሁለት ካሜራ ላኩልኝ። ፊሸሩ ግድግዳው ላይ አልይዝ አለ፣ ሽቦውም ተዝረክርኮ የቤቱን መልክ አበላሸው። ክረምት ሲመጣ ውኃ እንዳይገባም ፈራሁ።
አንድ ጡረተኛ

መልስ፦ አባቴ፣ ጭቃ ፊሸር፣ ያ ቪቴው የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ፣ አይሸከምም፣ እርስዎ አላጠፉም። ግድግዳውን በእጅዎ ቆርቆር እያደረጉ ድምፁ የሚደፍንበትን ቋሚ እንጨት ይፈልጉ፤ ቪቴው እዚያ ላይ ይታሰር። ቋሚው የሚፈልጉት ቦታ ላይ ካልሆነ በሁለት ቋሚዎች መሃል ጣውላ አጋድመው ካሜራውን ጣውላው ላይ ይግጠሙ፣ ቀለም ሲቀባ ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላል።

ሽቦው በክፈፉ ሥር፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ። መጋጠሚያዎቹ ውጭ ተንጠልጥለው አይቅሩ፤ ከካሜራው ጀርባ ትንሽ መገናኛ ሳጥን ያስገጥሙና እዚያ ውስጥ ይግቡ። ለውኃው ሁለት ነገር ያድርጉ። ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ሽቅብ ይበሳ። ሽቦውም ቀዳዳው ጋ ሲደርስ መጀመሪያ ወደ ታች ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ ሽቅብ ይግባ፤ ዝናቡ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠብና ይቀራል። ሲሊኮን ከዚያ በኋላ ነው። ኬብል ሲገዙ ደግሞ ንጹሕ መዳብ መሆኑን ያስረጋግጡ፣ በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም አለና።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እናቴ ባሕር ዳር ብቻዋን ናት፣ ካሜራ አስገጥሜላት ከስልኬ አያታለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል፣ ልቤ ይሰቀላል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መቅረጫውን፣ ራውተሩንና የካሜራዎቹን የኃይል ምንጭ ሦስቱንም አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካ መሣሪያ) ላይ አድርጋቸው። ብዙዎች መቅረጫውን ብቻ ያደርጉና ካሜራዎቹ ይጠፋሉ። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም መቅረጫው ይይዝልሃል፣ ሲመለስ ታየዋለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። በረንዳውን የሚያየውን ካሜራ እናትህን ጠይቀሃቸዋል? ቡና የሚያፈሉት፣ ጎረቤት የሚያጫውቱት እዚያ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ መታየት ሊከብዳቸው ይችላል። ወደ በሩ አዙረው። የጎረቤት መስኮት ምስሉ ውስጥ ከገባም አብዛኞቹ ካሜራዎች ያንን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አላቸው፣ ዛሬውኑ አብራው።