የእናትሽን እጅ ሣዪ

ውድ እህቴ፣

ሳን ዲዬጎ ውስጥ የነርስነት ትምህርት ጀምረሽ ሳለ፣ ክፍል ውስጥ የሜክሲኮ አሜሪካዊቷን ሠዓሊ የዮላንዳ ሎፔዝን የጓዳሉፔ እመቤታችን ሥዕሎች ካየሽ ወዲህ ልብሽ ወደ ሥነ ጥበብ ማዘንበሉን ጽፈሽልኛል። የጓዳሉፔ እመቤታችን የሜክሲኮ ካቶሊካውያን የሚያከብሯት፣ ባለኮከብ ካባ ለብሳ በብርሃን ጨረር የተከበበች የድንግል ማርያም ምስል ናት። ሥዕሉን ያሳየሻቸው እናትሽ «በእመቤታችን ይቀለዳል?» ብለው አዝነዋል። አንቺም «ይህ ሙያ እንጀራ ይሆነኛል? እናቴንስ ምን ልበላት?» ትያለሽ።

ከእናትሽ ልጀምር። ያስደነገጣቸው ሎፔዝ ራሷን የሣለችበት ሥዕል ይመስለኛል፤ የስፖርት ጫማ አድርጋ፣ እባብ በእጇ ጨብጣ፣ ከብርሃኑ መካከል ሮጣ የምትወጣበት። እ.ኤ.አ. በ1978 የተሣሉት ግን ሦስት ናቸው። አብራችሁ ሁለተኛው ላይ ቆዩ። እዚያ ያለችው እናቷ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ያንን ባለኮከብ የእመቤታችን ካባ ራሷ ትሰፋዋለች፤ የብርሃኑ ጨረር ዙሪያዋን ከቧታል። በሦስተኛው አያቷ ተቀምጣለች፣ ቢላዋና የተገፈፈ የእባብ ቆዳ ይዛ። እኔ በዚህ ውስጥ ቀልድ አይታየኝም። ለዓመታት የሰው ልብስ ስትሰፋ ለኖረች ሴት የተሰጠ ክብር ነው የሚታየኝ።

ቢሆንም የእናትሽ ሐዘን እውነተኛ ነውና በክርክር ልርታቸው አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሌላ ሠዓሊ፣ የአልማ ሎፔዝ፣ ገላዋን በጽጌረዳ የሸፈነች «እመቤታችን» በአሜሪካ በሳንታ ፌ ከተማ ሙዚየም ስትታይ ብዙ ካቶሊካውያን ተቆጥተው ሥዕሉ እንዲነሣ ጠይቀው ነበር። ሙዚየም ለሥራ ከገባሽ፣ እንዲህ ልቡ ያዘነ ሰው ፊት ቆመሽ በትዕግሥት ማዳመጥና ማስረዳት የሥራሽ አካል ይሆናል። ልምምዱን ከቤትሽ ጀምሪው።

የእንጀራውን ነገር እቅጩን ልንገርሽ። የዮላንዳ ሎፔዝ የመጀመሪያው የግል የሙዚየም ዐውደ ርእይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2021 በትውልድ ከተማዋ በሳን ዲዬጎ ነው፤ እርሷ ካረፈች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሥዕሎቹ ከተሣሉ ከ43 ዓመት በኋላ። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። በእነዚያ ዓመታት ታስተምርም ነበር። ስለዚህ ነርስነቱን ለጊዜው አትልቀቂ፤ ጎን ለጎን አንድ የሥነ ጥበብ ታሪክና አንድ የንድፍ ኮርስ ውሰጂ። የስፓኒሽ ቋንቋም ልመጂ። ሙዚየሞች የትምህርት ክፍል አላቸው፤ በበጎ ፈቃድ አስጎብኚነት ግቢ፤ ደመወዝ ወዳለው ሥራ የሚያደርስ አንዱ መንገድ እርሱ ነው።

ለሥነ ጥበብ ትምህርት ስታመለክቺ የሥራ ናሙና ትጠየቂያለሽ። ጓዳሉፔን አትቅጂ፤ ሎፔዝ የሠራችው ከልጅነቷ ጀምሮ በሕዝቧ መካከል ስታየው ባደገችው ምስል ነው። እናትሽ ሆቴል ውስጥ አልጋ እንደሚያነጥፉ ነግረሽኛል። አንሶላውን ወጥረው ከፍራሹ ሥር ሲያስገቡ አውራ ጣታቸው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ማታ እግራቸውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነክሩ ትከሻቸው እንዴት እንደሚወርድ ሣዪ። መጀመሪያ ግን አስፈቅጂያቸው።

ሃያ ንድፍ ሲሞላልሽ ላኪልኝ፤ የሚቀርቡትን አብረን እንመርጣለን።