በሰንበት ትምህርት ቤት ድስት ቢጣድ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። በጎንደር ከተማ በአንዲት አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ሰብስበን የጾም ወጥ፣ ዳቦና ንፍሮ ማዘጋጀት ማስተማር ጀምረናል። ወላጆች ደስ ብሏቸዋል። አንዳንድ አባቶች ግን «ቤተ ክርስቲያን ማድ ቤት አይደለችም» ይላሉ፤ ወንዶች ልጆች ሽንኩርት ሲከትፉ ማየትም ቅር አሰኝቷቸዋል። በጾም ወቅት ጨው ሲቀምሱ ጾም ይሽራሉ የሚሉም አሉ። የሠሩትን ሸጠን ለመዘምራን ልብስ መግዣ ብናውለውስ? አንዲት እናት ደግሞ ቦታ ስለጠበበን ሥራውን በቤተ ልሔም እናድርገው ብላለች። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልነሣ፤ እርሱ አይሆንምና። ቤተ ልሔም ለሌላ ሥራ አትውልም። እዚያ የሚዘጋጀው ኅብስት በቅዳሴ ጊዜ የክርስቶስ ሥጋ የሚሆን መሥዋዕት ነው። የሚያዘጋጁት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ ዕቃውም ለዚያ ብቻ የተለየ ነው። ውኃው ቅርብ ነው፣ ምድጃው አለ ተብሎ ሽሮ አይጣድበትም። ያቺ እናት ይህን ያለችው በክፋት እንዳልሆነ ይገባኛል። ልጆቹ ከቤተ ልሔም ጋር ምንም አያገናኛቸውም ማለትም አይደለም፤ ለመገበርያ የሚሆን ስንዴና ዘቢብ ይዘው መምጣት ይችላሉ። ስንዴውን እቤታቸው ከጠጠርና ከእንክርዳድ ለቅመው ቢያመጡት ደግሞ እሰየው። ልጅን አስቀምጦ ስንዴ ማስለቀም ስለ ትዕግሥት ከሚሰጥ ረጅም ስብከት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ማድ ቤት አይደለችም» የሚሉት አባቶች ስለ ቤተ መቅደሱ ከሆነ የሚናገሩት እውነት አላቸው። ነገር ግን በየአጥቢያው ደጀ ሰላም፣ ማለትም ምእመናን ተሰብስበው የሚመገቡበት ቤት አለ። ዝክር የሚዘከረው፣ ጠበል ጠዲቅ የሚቀመሰው፣ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰበው በቅጽሩ ውስጥ አይደለምን? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ያንብቡ። ቅዱስ እስጢፋኖስና ስድስቱ ባልንጀሮቹ የተመረጡት መበለቶች ከዕለት ምግባቸው ተጓደሉ የሚል ማጉረምረም ስለተነሣ ነው። ስለዚህ በአዳራሹ በረንዳ ወይም ከሕንፃው ራቅ ባለ ቦታ ሥሩ፤ ቅዳሴ፣ ማኅሌት ወይም ጉባኤ ባለበት ሰዓት ግን ጭስና የዕቃ ኳኳታ አይሰማ። ፈቃዱም በቃል አይቅር፤ ከሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ያዙ። እሳትና ቢላዋ ባለበት ቦታ ከልጆቹ ጋር ምን ያህል አዋቂዎች እንደሚቆሙ በደብዳቤው ላይ ግለጹ። ልጅ ቢቃጠል የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ቀድሞ መታወቅ አለበት።

ስለ ወንዶቹ ልጆች የተነሣው ቅሬታ በሌላ አገር ቢሆን ብዙም ባልደነቀኝ። በጎንደር መሆኑ ግን ይገርማል። ይህች ከተማ በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (በመቋሚያና በጸናጽል የሚቀርብ የማኅሌት ትምህርት)፣ በትርጓሜ መጻሕፍት የታወቀች የሊቃውንት አገር ናት። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ እየተሰደደ የመጣውን ተማሪ ማን ቀቀለለት? ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ ማታ ጎጆው ገብቶ ራሱ ነው ያበሰለው። ሴት በማይገባበት ገዳምስ ዳቦውን የሚጋግረው ማን ነው? ዛሬ ወንድ ልጅ ሽንኩርት ከተፈ ብለው ቅር ከሚላቸው አባቶች መካከል በወጣትነታቸው ስንት ጊዜ ድስት እንደጣዱ በፈገግታ ብትጠይቋቸው ሳይስቁ አይቀሩም። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ፍሙ ላይ ዓሣ አኑሮ፣ እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን «ኑ፣ ምሳ ብሉ» ብሏቸዋል፤ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ላይ ነው። የያዕቆብን የምስር ወጥም መጥቀስ ይቻላል። ብቻ በምስር ወጥ ብኩርና መግዛትን እንዳይማሩ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገሯቸው።

አሁን ወደ ጨው መቅመሱ እንምጣ፤ ብዙዎችን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ጾም ሁለት ነገር አለው። አንዱ እስከ ተወሰነው ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል ነው፤ ሌላው ከጥሉላት ማለትም ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መራቅ ነው። ቅዳሜና እሑድ በዐቢይ ጾም ውስጥ እንኳ ከጥሉላት እንጂ ከእህልና ከውኃ አይጾምም። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ የምትለየው ቀዳም ሥዑር፣ የትንሣኤ ዋዜማዋ ቅዳሜ ብቻ ናት። ስለዚህ ቅዳሜ የሽሮውን ጨው የቀመሰ ልጅ ምንም አልሻረም። በረቡዕና በዓርብ፣ በፍልሰታም ሆነ በሁዳዴ የሥራ ቀናት ግን ከሰዓቱ በፊት ድስት እየቀመሱ መማር ተገቢ አይደለም። «ቀምሶ መትፋት ይቻላል» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አልወደውም። ልጁ የሚማረው ወጥ መሥራትን ሳይሆን ለትእዛዝ ቀዳዳ መፈለግን ይሆናል። በብዙ ቤት ደግሞ ጾም ያልጀመረውን ትንሹን ወንድም ጠርቶ «እስቲ ቅመስልን» ማለት የተለመደ ነው። በልማድ ልጅ መጾም የሚጀምረው ከ7 ዓመቱ በመሆኑ ኃጢአት ነው አልልም፤ ግን እርሱ ጨው በዛ ማለትን መቼ ያውቃል! እናቶቻችን ሁዳዴን ሙሉ ወጥ ሲሠሩ የሚመሩት በእጅ መጠን፣ በሽታና በዐይን ነው። ይህን ችሎታ ለልጆቹ አስተምሯቸው። ለአንድ ድስት ሽሮ የሚበቃውን ጨው ቅዳሜ በማንኪያ ለክተው ቀምሰው ይወቁት፤ በጾሙ ቀን በዚያው ልክ ይጨምሩ።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጉ። እሑድ የሚቆርብ ልጅ ካለ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከሉን ቁጠሩለት። ሥጋ ወደሙን የሚቀበለው ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ከሆነ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ አይቀምስም። የእናንተ መርሐ ግብር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ጠዋት ብታዞሩት ይሻላል። ሕፃናቱን በተመለከተ ዕድሜያቸውንና አቅማቸውን አይቶ የንስሐ አባታቸው የሚወስነው አለ፤ እናንተ በየልጁ ላይ ሕግ አታውጡ።

ቅዳሜን ካነሣን ዘንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ነገ የሚያነሣው አይጠፋምና። በአባቶቻችን ሥርዐት ቀዳሚት ሰንበትም የተከበረች ናት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኗል። በገጠሩ ጎንደር ዛሬም ቅዳሜ የማያርስና የማይፈጭ ገበሬ አለ። ምግብ ማብሰል ግን እንደ እርሻና እንደ ወፍጮ አይቆጠርም። በርበሬ መደለዝ፣ ክክ መከካት፣ እንጨት መፍለጥ የመሳሰለውን በሌላ ቀን ጨርሱት፤ ለቅዳሜ የሚተርፈው ማብሰሉ ብቻ ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ ሽማግሌዎቹም አይከፉባችሁም።

ምን እንሥራ ለሚለው ዓመቱን ተከተሉ። ለጸሎተ ሐሙስ የተፈተገ ስንዴና የባቄላ ክክ ቀቅላችሁ ጉልባን አዘጋጁ፤ እስራኤል ከግብፅ በችኮላ የወጡበትን ታሪክም እየተረካችሁ ይሁን። ይህ በሥራ ቀን ስለሚውል የጨውን ልክ ቀድሞ ማወቁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ግንቦት 1 ቀን ልደታ ነው፤ ንፍሮ ከቤት ውጭ ይቀቀላል። በዚያ ቀን በየሠፈሩ ዛፍ ሥር የሚደረገውን ባዕድ ልማድ ለልጆቹ ለይታችሁ ንገሯቸው፤ ንፍሮው ለእመቤታችን ልደት መታሰቢያ እንጂ ለዛፍ አይደለም። ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር (በቡሄ) በዓል ሙልሙል ይጋገራል። ሙልሙል እየጠበቁ «ሆያ ሆዬ» የሚሉት ልጆች አንድ ዓመት እንኳ ራሳቸው አቡክተው ቢያዩት ምን አለበት? ከቤታቸው ደግሞ ስልጆ፣ ተልባና ሱፍ ማዘጋጀትን ከአያቶቻቸው ይጠይቁ። ልጆቹ የጾም ኬክና የጾም ፒዛ እንሥራ ማለታቸው አይቀርም። አልከለክልም። ነገር ግን ጾምን የፍስክ አምሳያ በመፈለግ መጀመር አልወድም፤ ሽሮን በወጉ መሥራት ያልቻለ ልጅ ኬኩን ምን ያደርገዋል?

ከሁሉ በላይ የማጠብቀው አንድ ነገር አለኝ። ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው ለልጆቹ አይሁን። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራን ለተራበ መቍረስን አንሥቷል። ምሳውን ዘልሎ በማታ እጥፍ የበላ ሰው ገንዘቡን እንኳ አላተረፈም፤ የተራበውም ያው እንደተራበ ነው። ልጆች ይህን በቃል ሲነግሯቸው ይሰሙና ይረሱታል። የጋገሩትን ዳቦ ለራሳቸው ሳይቆርሱ በደጀ ሰላሙ በር ለተቀመጠው የኔ ብጤ፣ አኮፋዳ (የልመና ከረጢት) ይዞ ለሚመጣው የቆሎ ተማሪ በእጃቸው ሲሰጡ ግን ሌላ ነው። በየሳምንቱ ተራ አውጡ፤ የሚያደርሱት ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር ይሂዱ። ሲሰጡም «እንኩ አባቴ»፣ «እንኩ እናቴ» ብለው በሁለት እጃቸው ይስጡ። ፎቶግራፍ አታንሱ። ተቀባዩ ሰው ነው፣ ሊያፍር ይችላል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ለተቸገረው ከተሰጠ በኋላ የሚተርፍ ካለና ሰበካ ጉባኤው ከፈቀደ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ቆሎ መሸጥ ነውር የለበትም። ገንዘቡን ልጆቹ አይያዙት። በሕጋዊ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ለልብስ ተብሎ የተሰበሰበውም ለልብስ ይዋል። በበዓል ቀን በር ላይ ቆመው ምእመናንን እጅ እየጎተቱ «ግዙን» እንዲሉ ግን አታሰማሯቸው።